ስትወድቅ የምትጠገነውን ምረጡ፦ ለመጀመሪያዋ የሪሞት አውሮፕላናችሁ

በኤሌክትሪክ የምትበር የሪሞት አውሮፕላን ልግዛ ወይም ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የቷ ጥሩ ትበራለች? እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅኩት። ያገኘሁት መልስ አራት ሰከንድ የማይሞላ በረራ ነበር። ክንፏ ከሆዷ በታች የሆነ፣ የድሮ የጦር አውሮፕላን የምትመስል፣ ዓይን የምትስብ ነገር ነበረች። ወረወርኳት፣ ወደ ግራ ተገለበጠች፣ መሬት ነካች፣ አለቀ። ሁለት ሳምንት የደከምኩበትን ሥራ በፌስታል ሰብስቤ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ተቀየረ። አሁን የምጠይቀው የቷ ወድቃ በማግስቱ ትነሳለች ብዬ ነው። ምክንያቱም ትወድቃለች። ጌም ላይ እጃችሁ የፈጠነ ቢሆንም፣ ከዚህ በፊት ድሮን አብርራችሁ ብታውቁም ትወድቃለች። (ድሮን ሪሞቱን ስትለቁት አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። አውሮፕላን አትጠብቅም።) ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች በሙሉ የምመዝናቸው በዚህች ሚዛን ነው።

ተገዝታ የምትበር ወይስ በእጅ የምትሠራ?

አራት መንገድ አለ። አንደኛዋ ሪሞቱ፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ ሁሉ በካርቶኑ ውስጥ ያለላት፣ ክንፍና ጭራዋን ገጥማችሁ በዚያው ቀን ሜዳ የምትወስዷት ናት። ሁለተኛዋ ሞተርና ሰርቮዎቿ (የክንፍና የጭራ መሪዎቿን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ተገጥመውላት የምትመጣ፣ ሪሞት፣ ሪሲቨር (አውሮፕላኗ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) እና ባትሪ ግን እናንተ የምትጨምሩላት ናት። ሦስተኛዋ ተቆርጦ የተዘጋጀ እንጨት ከነፕላኑ የሚመጣላት፣ ማጣበቁ የእናንተ ፋንታ የሆነ። አራተኛዋን ከባዶ ትሠሯታላችሁ፤ ፕላን ከኢንተርኔት፣ ፎም ቦርድ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ፣ ስለት፣ ማስመሪያ፣ ሆት ግሉ፣ ብዙ ትዕግሥት።

የመጀመሪያዋ ታጓጓለች። ችግሯ አብሯት የሚመጣው ሪሞት ብዙ ጊዜ ከእሷ ሌላ ምንም ነገር የማያበር መሆኑ ነው፤ እሷ ስትሰበር ሪሞቱም የመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል። ከዚህ የባሱም አሉ። ሪሲቨሩ፣ የሞተር መቆጣጠሪያውና ሰርቮዎቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ ስለተበየዱ አንዱ ሲበላሽ ሦስቱም አብረው ይጣላሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ክንፏ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ፕሮፔለሯስ? ሰርቮዋስ? ብላችሁ ፈልጉ። ካልተገኘ አሻንጉሊት ናት፣ ተዉአት።

ሦስተኛዋን፣ የእንጨቷን፣ ለሁለተኛ ዓመት አቆዩአት። በፍቅር የሚሠራ ነገር ነው፣ ግን ወራት የወሰደባችሁን ሥራ ይዛችሁ ሜዳ ስትወጡ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ማብረር አይለመድም።

የቀሩት ሁለተኛዋና አራተኛዋ ናቸው። እኔ ለአራተኛዋ አደላለሁ። በገዛ እጃችሁ የቆረጣችሁትን ክንፍ መልሳችሁ ለመቁረጥ አንድ ምሽት ይበቃችኋል፣ የካርቶን ቅርጹን አስቀምጣችኋላ። የትኛው መገጣጠሚያ ደካማ እንደሆነም ታውቃላችሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጠማማ አውሮፕላን ጀማሪን ታደክማለች። ክንፏ ትንሽ ተጣሞ ከተጣበቀ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ትጋደላለች፣ እናንተ ደግሞ ጥፋቱ የክንፉ ይሁን የእጃችሁ የምታውቁበት መንገድ የለም። በማስመሪያ ሦስት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የማይሆንላችሁ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ሁለተኛዋን ግዙ። ምንም አያሳፍርም።

ፎሙ ራሱ ብዙ ዓይነት ነው

ባልሳ እንጨት ቀላልና ድርቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ የባልሳ አውሮፕላን አየር ላይ ጥርት ብላ ትበራለች። ስትወድቅ ግን ትንኮታኮታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎም ነው የሚያዋጣው፤ እሱም በአራት ይከፈላል።

ተለዋጭ ዕቃ ማሸጊያ ውስጥ የምናውቀው ነጩ፣ ሲነካ ፍርፍር የሚለው ፎም ኢፒኤስ ይባላል። ርካሽ ነው፣ ሲመታ ቁርጥ ይላል። ኢፒኦ የሚባለው ከፋብሪካ በሚመጡ አውሮፕላኖች ላይ የምታዩት ነው፤ ጠንከር ያለ፣ ሲሰበርም ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ስለሚሰበር መልሳችሁ ስትገጥሙት አይታወቅም። ኢፒፒ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል፣ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል ማለት ይቻላል። ግን ራሱን ችሎ ስለማይቆም የካርቦን ዘንግ ይፈልጋል፣ ማስቲሽም ቶሎ አይዘውም። አራተኛው በሁለት ወረቀት መካከል የተጣበቀው ፎም ቦርድ ነው። እሱ ሲወድቅ ይጨማደዳል፣ እርጥብ ሣር ላይ ከቆየ ወረቀቱ ይላቀቃል፣ ግን በየትም ቦታ ይገኛል።

ለመውደቅ ኢፒፒን የሚያህል የለም። ለመጠገን ኢፒኦ። ለመተካት ፎም ቦርድ። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው "የማይሰበር" ብሎ ኢፒፒ ገዝቶ በኋላ ክንፉ እየተወዛወዘ ሲያስቸግረው ይገረማል።

ማጣበቂያ ላይ ስሕተት የሚሠራው ኢፒኤስ ላይ ነው። ተራው ሱፐር ግሉ ኢፒኤስን ያቀልጠዋል። ጠብታ አድርጋችሁ ዞር ስትሉ የነበረው ቦታ ላይ ጉድጓድ ታገኛላችሁ። ፎም የማይበላ ተብሎ የሚሸጥ ዓይነት አለ፤ ወይም ኢፖክሲ ተጠቀሙ። ኢፒኦና ኢፒፒ ተራውን ይችላሉ። ሆት ግሉ ለፈጣን ሥራ ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ይለሰልሳል። የሞተር መቀመጫን በሆት ግሉ ብቻ አታጣብቁ። ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ሞተሩን በብሎን እሰሩና ኮምፔንሳቶውን በኢፖክሲ አጣብቁት።

ክንፉ ከላይ፣ ከታች ወይስ ክንፍ ብቻ?

ክንፏ ከጀርባዋ በላይ የሆነ አውሮፕላን ትረጋጋለች። በዚያ ላይ የክንፎቹ ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ የታጠፈ ከሆነ፣ አንዱ ክንፍ ሲወርድ አውሮፕላኗ ወደዚያው ጎን መንሸራተት ትጀምራለች፣ በመንሸራተቷም የወረደው ክንፍ ነፋሱን በሰፊ አንግል ያገኘውና ከፍ ብሎ ይመለሳል። ማለትም ሪሞቱን ትንሽ ከለቀቃችሁት ራሷን ታቃናለች። ክንፏ ከታች የሆነች የጦር አውሮፕላን እንዲህ አታደርግም። ወደ ጎን ካዘነበለች እንዳዘነበለች ትቆያለች፣ የኔዋም ያደረገችው ይህንን ነው። በራሪ ክንፍ የሚባሉት ጭራ የሌላቸው ፈጣኖች ናቸው፣ የሚሰበር ነገራቸውም ጥቂት ነው። ነገር ግን ርቀው ሲሄዱ ፊታቸው ወዴት እንደሆነ ለማወቅ ዓይን ይቸገራል። ሦስተኛ አውሮፕላናችሁ ትሁን።

ሞተሩ ከፊት ይሁን ከኋላ የሚለውም ምርጫ ነው። ከኋላ የሚገፋ ሞተር ያላት አውሮፕላን በአፍንጫዋ ስትተከል ፕሮፔለርና ሞተሯ ይተርፋሉ፣ የሚጎዳው ፎም ብቻ ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። መጥፎው በእጅ ስትወረወር ነው፤ ፕሮፔለሩ ከእጃችሁ ኋላ ስላለ ወደ ፊት ስትሄድ ጣታችሁ አጠገብ ያልፋል። መፍትሔው ጋዝ ሳትሰጡ ወርውሮ ከእጅ ከወጣች በኋላ መስጠት ነው፣ ወይም ጓደኛ ይወርውርላችሁና እናንተ ሪሞቱን ያዙ።

ባለ ሦስት ቻናልና ባለ አራት ቻናል ላይ ሰው ይጨቃጨቃል። ሦስት ቻናል ማለት ጋዝ፣ ኤሌቬተር (ወደ ላይና ወደ ታች) እና ራደር (ወደ ግራና ቀኝ በጭራ) ነው። አራተኛው አይለሮን፣ ክንፉ ላይ ያለው ነው። ሦስቱ ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ሰርቮም አንድ ይቀንሳል። ግን ነፋስ ትንሽ ሲጠነክር ቀርፋፋ ነው። እኔ ከላይ ክንፍ ያላትን ባለ አራት ቻናል እመርጣለሁ፤ አንዴ ከተለመደች ለዓመታት ታገለግላለች።

መጠን? ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1 ሜትር እስከ 1.4 ሜትር ያለ ክንፍ ለጀማሪ ልክ ነው። ትንሿ ርካሽና ቆንጆ ናት፣ መኪና ውስጥም ትገባለች፣ ግን ነፋስ እንደ ቅጠል ይጫወትባታል፣ 100 ሜትር ስትርቅ ደግሞ ነጥብ ሆና ወዴት እንደዞረች አታውቁም። ከ1.5 ሜትር ያለፈችው ደግሞ ባትሪዋም ፕሮፔለሯም ትልቅ ነው፣ የመታችውን ነገር ታጎዳለች።

ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ባትሪ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጀማሪ ገንዘቡን የሚጨርሰውም፣ ቤት የሚያቃጥለውም እዚህ ጋ ነው።

ሞተር ላይ ክርክሩ አብቅቷል። ብሩሽ ያለው ሞተር ርካሽ ቢሆንም ብሩሹ ይበላል፣ ከባትሪው ከወሰደው ጉልበትም ትንሽ የማይባለውን በሙቀት ይጨርሰዋል። ብሩሽለስ ውሰዱ። ሦስት ሽቦ አለው፣ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ ከሦስቱ ማንኛቸውንም ሁለት ማቀያየር ነው፣ በቃ።

ሞተሩ ላይ ኬቪ የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ኪሎቮልት የሚመስለው ብዙ ነው፤ አይደለም። ያለ ጭነት ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው የሚናገረው። 1000 ኬቪ የሆነ ሞተር በ11.1 ቮልት ያለ ፕሮፔለር በደቂቃ ወደ 11100 ጊዜ ይዞራል። ኬቪው ዝቅ ያለ ሞተር ትልቅ ፕሮፔለር ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ከፍ ያለው ትንሹን በፍጥነት። ለመለማመጃ አውሮፕላን ዝቅ ያለው ይሻላል፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ሲጎትትም ጉልበት አለው።

ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር አለ። 9 በ6 ከሆነ ዲያሜትሩ 9 ኢንች ነው፣ በአንድ ዙር ደግሞ በሐሳብ ደረጃ 6 ኢንች ወደ ፊት ይሄዳል። አሁን ስሕተቱን ልንገራችሁ። ባለ 8 ኢንቹ ሲሰበር ሰው ቤት ያገኘውን ባለ 10 ኢንች ይገጥማል፣ ሁለት ኢንች ምን ያደርጋል ብሎ። ነገሩ በተመሳሳይ የዙር ፍጥነት ሲታሰብ ከ8 ወደ 10 ኢንች መሄድ የሚፈልገውን ጉልበት ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ሞተሩ ይጨሳል፣ ካልሆነም የሞተር መቆጣጠሪያው። የሞተሩ ሻጭ የጻፈውን የፕሮፔለር ሠንጠረዥ ተከተሉ፣ ከተቻለም ዋትሜትር ግዙ፤ ትንሽ ሣጥን ናት፣ በባትሪውና በመቆጣጠሪያው መካከል ገብታ ስንት አምፒር እየሄደ እንደሆነ ታሳያችኋለች።

ስንት ዋት ይበቃል? ለረጋች መለማመጃ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ110 እስከ 150 ዋት። መገለባበጥ ለሚፈልግ 220 እና ከዚያ በላይ። ምሳሌ፦ አውሮፕላኗ ከነባትሪዋ 1 ኪሎ ብትመዝን፣ በ11.1 ቮልት 15 አምፒር ብትስብ 166 ዋት ይሆናል። ይበቃታል። የሞተር መቆጣጠሪያው 15 አምፒር ይሁን ታዲያ? አይሁን፤ 20 ወይም 30 ግዙ። ልዩነቱ ጥቂት ግራም ነው፣ በሙሉ አቅሙ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ግን አየር ላይ ይሞቃል። ብዙዎቹ ለሪሲቨሩና ለሰርቮዎቹም 5 ቮልት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። መቆጣጠሪያው ከሞተ ሞተሩ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ እናንተም አብራችሁ ትቆማላችሁ።

ወደ ባትሪው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 እንግሊዝ ውስጥ ኮሎኔል ታፕሊን የተባሉ ሰው በኤሌክትሪክ የምትሠራ የሪሞት አውሮፕላን ሲያበሩ የተጠቀሙት የብርና ዚንክ ባትሪ ነበር። ዛሬ ምርጫው በሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) እና በሊቲየም አዮን መካከል ነው። ሊቲየም አዮን (የድሮ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ያለው ክብ ሴል) በክብደቱ ልክ ብዙ ጉልበት ይይዛል፣ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አምፒር አይሰጥም። ለረጅምና ለዝግታ በረራ ይስማማል። ሊፖ የያዘው ያነሰ ቢሆንም ሲጠየቅ ወዲያው ይሰጣል። ልትወድቅ ስትል ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ማዳን የሚቻለው በሊፖ ነው፣ ስለዚህ ለጀማሪ ሊፖ።

ባለ 2 ሴል 7.4 ቮልት፣ ባለ 3 ሴል 11.1፣ ባለ 4 ሴል 14.8። አንድ ሜትር ለሚያህል አውሮፕላን ባለ 3 ሴል፣ 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነው በጣም የተለመደ ነው፤ በጣም የተለመደ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው፣ መተኪያ ይገኛል። ቀጥሎ ያለው የሲ ቁጥር ባትሪው ስንት አምፒር መስጠት እንደሚችል ይነግራችኋል፦ 2.2 (2200ው በአምፒር ሰዓት) ሲባዛ በ25 ሲ 55 አምፒር። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው፤ ግማሹን እመኑ። ትልቅ ባትሪ ገዝቶ ረጅም መብረርም ወጥመድ ነው። ባትሪ ክብደት ነው፤ የከበደች አውሮፕላን ፈጥና ካልበረረች አየር ላይ አትቆይም፣ ፈጥና የምታርፍ ደግሞ ስታርፍ ትሰበራለች።

ስንት ደቂቃ? ከ2200ው 80 በመቶውን ብቻ ተጠቀሙ፣ 1760። በአማካይ 10 አምፒር ከሳበች አሥር ደቂቃ ተኩል ግድም። እናንተ ግን ሰዓቱን 7 ደቂቃ ላይ ሙሉት። ሁለት ጊዜ ለማረፍ ሞክራችሁ ብታልፉ እንኳን ሦስተኛ ዕድል ይኑራችሁ።

አሁን እሳቱ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ለሊፖ የተተረተ ነው የሚመስለው፣ ከተቀጣጠለ በኋላ ብዙ የምታደርጉት ነገር የለምና። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከዚያ አይለፍ። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ተበላሽቷል፤ አርፋችሁ ስትለኩት 3.7 አካባቢ ከሆነ በደንብ አብርራችኋል። ሴሎቹን አንድ በአንድ የሚያስተካክል ባላንስ ቻርጀር ተጠቀሙ። አሞላሉ በ1 ሲ ይሁን፣ ለ2200ው 2.2 አምፒር ማለት ነው። የሚሞላው የማይቃጠል ነገር ላይ፣ እናንተ እዚያው ተቀምጣችሁ ነው። እናንተ ተኝታችሁ አይደለም፣ ወጣ ብላችሁም አይደለም። ለሳምንት የማታበሩ ከሆነ በ3.8 ቮልት አካባቢ አስቀምጡት፤ ሙሉውን አስቀምጦ መርሳት ባትሪውን ያሳብጠዋል። ያበጠ ባትሪ ደግሞ አይሞላም፣ አይበርም። "ትንሽ ነው ያበጠው" የሚባል ነገር የለም።

ቻርጀር ላይ አትቆጥቡ። አውሮፕላን ላይ ቆጥቡ፣ እሷማ መውደቋ አይቀርም።

ሪሞት

ለብዙ ዓመት አብሯችሁ የሚቆየው ዕቃ ሪሞቱ ነው። አውሮፕላን ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ አራት ቻናል ቢበቃችሁም ስድስትና ከዚያ በላይ ያለው፣ የብዙ አውሮፕላን ማስታወሻ የሚይዝ፣ ከኮምፒውተር ጋር በሽቦ የሚገናኝ ግዙ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ይሁን። የድሮ በክሪስታል የሚሠሩ ሪሞቶች በርካሽ ይገኛሉ፣ ግን ሁለት ሰው ሜዳ ላይ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ካበራ አንደኛው አውሮፕላን መሬት ላይ ነው። አዲሶቹ ከሪሲቨሩ ጋር አንዴ ከተጣመሩ የሌላ ሰው ሪሞት አይሰሙም።

ሞድ 1 እና ሞድ 2 የሚባል ነገር አለ። በሞድ 2 ጋዝና ራደር በግራ እጅ፣ ኤሌቬተርና አይለሮን በቀኝ ናቸው። በሞድ 1 ጋዙና ኤሌቬተሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ሊያስተምራችሁ የሚችለው ሰው የሚጠቀምበትን ያዙ። ጭንቅ ሲመጣ ሪሞቱን ተቀብሎ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ሚዛን ጠባቂ ጋይሮ ያለባቸው ሪሲቨሮችም አሉ። ለነፋስ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀኖችም ያቀላል። እኔ ግን አልቸኩልበትም። ያለ እሱ መቃናት ሳይለመድ ከቀረ፣ እሱ የተበላሸ ቀን እንደ አዲስ ጀማሪ ናችሁ። ከገጠማችሁት መሬት ላይ አውሮፕላኗን በእጃችሁ ወደ ቀኝ አጋድሏት፤ የቀኙ አይለሮን ወደ ታች መውረድ አለበት፣ ሊያነሳት ሲሞክር ማለት ነው። በተቃራኒው ከሆነ ጋይሮው ራሱ ይገለብጣታል።

ከሪሞቱ ጋር ሲሙሌተር ይምጣ። ኮምፒውተር ላይ አሥር ሰዓት መውደቅ ከአንድ ሜዳ ላይ መውደቅ ይረክሳል። በተለይ አውሮፕላኗ ወደ እናንተ ስትመጣ ግራና ቀኝ ይገለባበጣል፣ ሁሉም ጀማሪ የሚወድቀውም እዚያ ነው። ዘዴው የወረደውን ክንፍ በዱላው (ሪሞቱ ላይ በጣታችሁ በምታንቀሳቅሱት ዘንግ) መደገፍ ነው፤ ወደ እናንተ እየመጣች በግራችሁ በኩል ያለው ክንፍ ከወረደ ዱላውን ወደ ግራ። እጃችሁ ይህንን ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ ሜዳ አትውጡ።

ከጠረጴዛ እስከ ሜዳ

ጠረጴዛ ላይ ስትሠሩ ፕሮፔለሩ ይውለቅ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አንድ ቀን ይረሳዋል። እጅጌ ዱላውን ሲነካ በደቂቃ ሺሕ ጊዜ የሚዞር ስለት ጣት አይመርጥም። ሪሞቱ ላይ ጋዙን ፈጽሞ የሚዘጋ ማብሪያና ማጥፊያ አዘጋጁ። ሲበራ ሪሞቱ መጀመሪያ፣ ባትሪው ቀጥሎ፤ ሲጠፋ ባትሪው መጀመሪያ፣ ሪሞቱ መጨረሻ። የግንኙነት መቋረጥ ሲኖር ጋዙ ዜሮ እንዲሆን ፌይልሴፉን አስተካክሉ፣ ከዚያም ሪሞቱን አጥፍታችሁ (ፕሮፔለሩ ወልቆ!) እውነት ሞተሩ መቆሙን እዩ።

የክብደት ማዕከሏ ከክንፉ ፊት ጠርዝ በክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶ ላይ ይሁን። ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ ከ5 እስከ 6.6 ሳንቲሜትር መካከል። በሁለት ጣት ከክንፏ ሥር እዚያ ላይ ያዟት፤ ቀጥ ብላ ወይም አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አድርጋ መቆም አለባት። አፍንጫዋ ከከበደ ትጎተታለች ግን ትመጣለች። ጭራዋ ከከበደ አትታዘዝም። የኔዋ ሁለተኛዋ ጥፋት ይህ ነበር፣ ባትሪውን የገባበት ቦታ ላይ አስቀምጬው። መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉ፤ የእርሳስ ብረት ለክብደት መጨመር የመጨረሻ አማራጭ ነው።

አቅጣጫ ማረጋገጥ አሥር ሰከንድ ነው፣ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት። ዱላውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙ አይለሮን ወደ ላይ። ዱላውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ። ከዚያ ሪሞቱን በርቀት መፈተሻ ላይ አድርጋችሁ ወደ 30 እርምጃ ራቁና ሰርቮዎቹ ሳይንቀጠቀጡ መታዘዛቸውን እዩ።

ቦታ ላይ ምርጫው አጭር ነው። ሰፊ ሜዳ፣ ሰው የሌለበት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የራቀ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የማያቋርጠው። ብዙ አገር ከመሬት 120 ሜትር በላይ አይፈቀድም፣ አንዳንዱ ጋ ምዝገባ ያስፈልጋል፣ የአገራችሁን የሲቪል አቪዬሽን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። ክለብ ካለ ክለብ ግቡ፤ አንድ ልምድ ያለው ሰው አጠገባችሁ ከቆመ ይህ ሁሉ የጻፍኩት በግማሽ ይቀላል። ሣሩ ረዘም ካለ ጎማውን አውልቃችሁ በሆዷ ታርፍ። ነፋሱ ቅጠል ከማወዛወዝ አልፎ ቅርንጫፍ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ሻይ ጠጡና ተመለሱ።

መነሳትም ማረፍም ፊትን ወደ ነፋሱ አድርጎ ነው። ከተነሳች በኋላ ከፍ በሉ፣ ከፍታ ስሕተት የምታርሙበት ጊዜ ነው። ስትፈሩ ኤሌቬተሩን አትሳቡ። አፍንጫዋ ተነስቶ ፍጥነቷ ካለቀ ክንፉ አየር መያዝ ያቆማል፣ እንደ ድንጋይ ነው የምትመጣው። በሰው ራስ ላይ አታሳልፏት፣ በራሳችሁም ላይ።

ልትወድቅ መሆኑን ያወቃችሁባት ቅጽበት ደግሞ አለች። ያን ጊዜ ጋዙን ዝጉ። ፕሮፔለሩ አፈር ውስጥ ተቀርቅሮ ሞተሩ ሲገፋ የሞተር መቆጣጠሪያው ይቃጠላል፣ የእሱ ዋጋ ደግሞ ከፎሙ ሁሉ ይበልጣል። ሮጣችሁ ሂዱና መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። የተቀጠቀጠ ወይም የተበሳ ከሆነ መኪና ውስጥ አታስገቡት፣ ባዶ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከሩቅ ተመልከቱት። እስከዚያ ሣሩ ውስጥ ተንበርከኩና ስብርባሪውን ልቀሙ፣ ጥፍር የምታህለውን ሳይቀር። ፎም የተሰበረው እንደ ተሰበረ መልሶ ስለሚገጥም ማታ ጠረጴዛው ላይ የምትጎድላችሁ እሷ ናት።